የቲሸርቱ በጀት

ከሲቀላ ወደ ምዕራብ ዓባያ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠችው መምህርት አጠገቧ ያሉትን የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰው አወቀቻቸው።

«ለአፍ መፍቻ ቋንቋ በዓል እኛ ትምህርት ቤት መጥተው ንግግር ያደረጉት እርስዎ አይደሉም?»

«ነኝ። ማስተማሩ እንዴት ነው?»

«በጋሞኛ አስተምሩ አላችሁን፣ እሺ አልን። መጽሐፉስ የታለ?»

«ይመጣል። በጀት እየጠበቅን ነው።»

«ለበዓሉ ቲሸርት በጀቱ ከየት መጣ?»

«እሱ ለቅስቀሳ ነው፣ መምህርት።»

«ማንን ነው የምትቀሰቅሱት? ሳይንሱን ከአማርኛው እየተረጎምኩ ሰሌዳ ላይ ስገለብጥ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። አቅም ያለው ልጁን አውጥቶ የግል ያስገባል። የሌለው ልጅ ማንበብ ሳይችል ክፍል ይሻገራል!»

«እሱ እንግዲህ የወላጆች የግንዛቤ ችግር ነው።»

«የወላጆች? የእርስዎ ልጅ የት ነው የሚማረው?»

«እናቱ ናት የግል ያስገባችው።»

«ጋሞኛ ይችላል?»

«ይሰማል። አይናገርም እንጂ።»

«ቲሸርቱ ላይ የተጻፈውንስ ያስታውሱታል?»

«‹በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር መብት ነው› ነዋ።»

«በምን ቋንቋ ነበር የተጻፈው?»

ሰውዬው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«በአማርኛ!» አለች፣ ለሁላችንም እንዲሰማ። «በአማርኛ ብቻ! ጋሞኛ የሚጽፍ ሰው አጥታችሁ ነው? እኔን ብትጠይቁኝ በነጻ እጽፍላችሁ ነበር!»

እኔ የለበስኩትን ያንኑ ቲሸርት በጃኬቴ ሸፍኜ ዚፑን ቀስ ብዬ እስከ አንገቴ ዘጋሁት።