የሐጂ ሸረፋ ቢላና የሃፊዛ ቺፕ

ባለፈው የካቲት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ቡታጅራ መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስጠብቅ ካርቶን የታቀፈች ወጣት አጠገቤ መጥታ «መምህር ፈቃደ! አላወቁኝም?» አለችኝ። እንዴት አላውቃት! ሃፊዛ ናት። ፊዚክስ ሳስተምራት ጥያቄ እያበዛች ደወሉን የምታስረሳኝ ልጅ ነበረች። አሁን ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትጨርስ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ራሷ የነደፈቻት ቺፕ እንዳለች፣ እሷንም በአጎቷ በሐጂ ሸረፋ የእንሰት ጓሮ ልትሞክራት እንደምትሄድ ነገረችኝ። «ሐጂ ይህን ሥራ አይወዱትም፤ አብረውኝ ቢሄዱ ይረዱኛል» አለች። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ግብዣና ክርክር አያልፈውምና ተከተልኳት።

ሐጂ ሸረፋ ደጃፋቸው ላይ ቢላ ሲስሉ አገኘናቸው። በሰላምታ ረገድ ሐጂን የሚበልጥ የለም፤ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ መንገዱ ጠይቀው ሳይጨርሱ መቀመጫ አስመጡ። ቢላው ከአባታቸው የወረሱት ነው። ቅዳሜ ጎረቤት ተሰብስቦ አርባ የእንሰት ችግኝ ሊነቅልላቸው ነበር። ችግኞቹ አዲስ ጎጆ ለወጣው ልጃቸው ለዑመይር የሚሰጡ ናቸው። የዑመይር ሚስት ነፍሰ ጡር ነች፤ ጓሮው ግን ገና ባዶ መሬት ነው። እንሰት የሌለው ቤት ደግሞ እዚያ አገር ቤት አይባልም።

ሃፊዛ መሣሪያዋን አውጥታ ቺፗን አሳየቻቸው። ከሽንብራ አትበልጥም። ሐጂ በመዳፋቸው ይዘው ገለባበጧት።

«የሁለት ዓመት ልፋትሽ ይችው ናት?»

«ይችው ናት፣ አጎቴ።»

«በእጅሽ ሠራሻት?»

«እኔ ነደፍኳት እንጂ የሠራት ውጭ አገር ያለ ፋብሪካ ነው።»

«አየሽ! ታዲያ ያንቺ ድርሻ ሥዕል ነው። ልጄ፣ አትቀየሚኝ፤ እርፍ ያልጨበጠ ገበሬ አይባልም። እናትሽ ትዳር ትያዝልኝ ስትል አንቺ ሥዕል ትስያለሽ።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ሐጂ፣ ይህ ቤትዎ ሲሠራ ምሰሶው የት እንደሚቆም የወሰነው ማን ነው?» አልኳቸው።

«አናጢው ነዋ።»

«እንጨት ሳይቆረጥ በፊት?»

«ቀድሞ ካላሰበውማ ቤቱ ይዘማል!» አሉና ወዲያው ነገሩ ገባቸው። ሳቅ ብለው «መምህር፣ አሁንም ያስተምራሉ» አሉኝ።

ሃፊዛ ዕድሉን አላባከነችም። «አጎቴ፣ ቺፗ የተሠራችው ሲሞስ በሚባለው ዘዴ ነው፤ የስልካችን ካሜራም የሚሠራው በዚሁ ነው። ሦስት ሥራ አንድ ላይ ሰጥቻታለሁ። አንደኛው ክፍሏ ለመብራቱ ምልክት እያመነጨ በስልት ያበራዋል፣ ያጠፋዋል። ሁለተኛው ከቅጠሉ ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን፣ ዓይናችን የማያየውን ጭምር፣ ተቀብሎ ምስል ያደርገዋል። ሦስተኛው የቅጠሉን ሙቀት ይለካል። አጠውልግ በሽታ የያዘው እንሰት ውሃ ወደ ቅጠሉ ማድረስ ሲያቅተው፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ሙቀቱም ብርሃኑም ይለወጣል ብዬ ነው።»

«ብለሽ ነው ወይስ አውቀሽ?»

«ብዬ ነው። ለማወቅ ነው የመጣሁት።»

ይህን መልሷን ወደድኩት። ሐጂም ሳይወዱት አልቀሩም፤ ተነስተው ወደ ጓሮ መሩን።

አርባውን ችግኝ አንድ በአንድ አየቻቸው። ሲያበቃ በአራቱ ላይ ቀይ ክር አሰረች። አንደኛው ሐጂ «የዑመይርን ቤት የሚያቆምልኝ ይህ ነው» ብለው ያሳዩን፣ ከሁሉ የወፈረው ነበር።

የሐጂ ፊት ጠቆረ። «ይህ ነው የታመመው? አንቺ፣ አላህን ፍሪ!»

«ቆርጠን እንየው፣ አጎቴ። ደግሞም ቅዳሜ ሰዉ ከመጀመሩ በፊት፣ ከአንዱ ችግኝ ወደ ሌላው ሲያልፍም፣ ቢላውን በበረኪና ይጠበው። በሽታውን ከጓሮ ጓሮ የሚያዞረው ስለት ነው።»

ሐጂ የምራቸውን ተቆጡ። «ይህ ቢላ ያልገባበት ጓሮ የለም! አባቴም እኔም ማንም ሲጠይቀን ሰጥተናል። አምና የጎረቤቴ የሳኒ ጓሮ ሲደርቅ የደረቀውን ቆርጦ የጣለው በዚሁ ቢላ ነው፤ መልሶልኝም እኔ በዚሁ ስሠራ ነበር። አሁን ጎረቤቴ ሊያግዘኝ ሲመጣ በር ላይ ቆሜ ‘እጅህ ርኩስ ነው፣ ታጠብ’ ልበለው? እንሰቱ ቢደርቅ ይሻለኛል!»

ብዙ ጊዜ የተማርን ሰዎች የሽማግሌን እምቢታ ድንቁርና ነው እንላለን። የሐጂ እምቢታ ግን ይሉኝታ ነበር፤ ጎረቤትን ከማሳፈር መራብን የመረጠ ሰው እንዴት ይሰደባል?

ሃፊዛ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አጎቴ፣ እኔም እንደዚሁ ብዬ ተሳስቻለሁ» አለች።

«ምን ብለሽ?»

«ይህች ቺፕ ሁለተኛዬ ናት። በመጀመሪያዋ ላይ መብራቱን የሚያዘውንና ምስል የሚያነሳውን ክፍል አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጥኳቸው። ሁለቱም ያረፉት በአንድ የሲሊከን ገጽ ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ አስተማሪዬ ‘በመካከላቸው አጥር ይኑር’ ሲለኝ ‘ሁለቱንም ፈትሻለሁ፤ ሁለቱም ንጹሕ ናቸው፤ አጥር ቦታ ማባከን ነው’ አልኩት። ስምንት ወር ጠብቄ የመጣችልኝ ቺፕ ዕውር ነበረች። አንዱ በሠራ ቁጥር ሁከቱ በጋራው ገጽ በኩል እየሄደ ሌላውን ይበጠብጠዋል። ሦስት ቀን አለቀስኩ። ሥዕሉን እንደገና ጀምሬ፣ ዙሪያውን አጥሬ ነው ይህችን ያገኘሁት።»

«ሁለቱም ንጹሕ ሆነው ሳለ?»

«ለየብቻቸው ንጹሕ ሆነው ሳለ። ጥፋቱ በአንዱም አልነበረም፤ በጋራ በሚነኩት ነገር በኩል ነው የመጣው። አጥሩም ስድብ አልነበረም፣ አጎቴ። ሁለቱንም ያዳናቸው እሱ ነው።»

ሐጂ «ቢስሚላህ» ብለው የወፈረውን ችግኝ ቅጠል ከግንዱ ቆረጡት። ትንሽ ቆየና ከተቆረጠው ላይ ቢጫ፣ ወፍራም ፈሳሽ ይንጠባጠብ ጀመር። አምና የሳኒ ጓሮ ሲደርቅ ሐጂ ያዩት ፈሳሽ ነው።

ሐጂ የቀሩትን ሦስት ለማየት ወደሚቀጥለው ተራመዱ፤ ቢላውን አነሱ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ስለቱን አዩት፤ ቢጫው ፈሳሽ አለበት።

«ሃፊዛ» አሉ በቀስታ፣ «በረኪናው የት ይሸጣል?»

ከአራቱ ሦስቱ ታመው ተገኙ፤ አራተኛው ጤነኛ ነበር። ልጅቷ በዚያ አንድ ስህተት ስትከፋ ሐጂ «ቺፕሽም እንደ እኛ ልምድ ያስፈልጋታል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ሥዕል ትስያለሽ» ብለው አጽናኗት። «ሥዕል» ሲሉ ግን ንቀቱ ጠፍቶ ነበር። ቀሪዎቹ ችግኞች አንድ ወር እንዲጠበቁና ደግመው እንዲታዩ ተስማማን። ዑመይርም ሲነገረው «ከታመመ የዘገየ ይሻላል» አለ።

ቅዳሜ እኔም ተመልሼ መጣሁ፤ ጎረቤት እንደ ተቀጠረው ተሰበሰበ፤ የዕለቱ ሥራ ግን የታመሙትን መንቀል ሆኗል። በሩ አጠገብ በረኪና የተቀላቀለበት ባልዲ ተቀምጧል። ሳኒ አየውና ቆመ። «ሐጂ፣ ይህ ለኔ ነው? አምና ጓሮዬ ስለ ደረቀ የኔን ቢላ ጠርጥረህ ነው?»

ሐጂ ከሁሉ ፊት ወጥተው የአባታቸውን ቢላ እስከ እጀታው ባልዲው ውስጥ ነከሩት።

«የምጠራጠረው የኔን ነው፣ ሳኒ። ከማን እንደ ጀመረ አላህ ያውቃል፤ በየጓሯችሁ የገባው ግን ይህ ቢላ ነው። በደግነት መስሎኝ ሞት ሳበድር ኖሬ ይሆናል፤ ዐውፍ፣ ይቅር በሉኝ። ከዛሬ ጀምሮ ቢላዬን ማንም ይውሰድ፤ አልከለክልም። ሲሄድም ሲመለስም ግን ይታጠባል። የታመመውን እንነቅላለን፣ እንቀብራለን። እንዲህ ካደረግን እንሰታችን ለልጅ ይተርፋል፤ የዑመይርም ልጅ የራሱን ጓሮ ቆጮ ይበላል። ይህን ያስተማረችኝ ደግሞ ትዳር እንጂ ትምህርት ምን ያደርግላታል ያልኳት ልጅ ናት። ትምህርቷን ትጨርስ፤ እናቷን እኔ እነግራታለሁ።»

ሳኒ የራሱን ቢላ ከወገቡ መዝዞ ከሐጂ ቢላ አጠገብ ነከረው። ከኋላው የቆሙት ሁሉ ማንም ሳይነግራቸው ተሰለፉ።