ፍልውሃ ያቀላው እርድ

ስማኝማ ገመቹ፣ ዛሬ ያጋጠመኝን ካልነገርኩህ እፈነዳለሁ። ያቺ ከአዲስ አበባ የምትመጣው ነጋዴ፣ ኬሚካል ያልነካው የጥጥ ልብስ ለፈረንጅ የምትልከዋ፣ ናሙና ልታይ እኛ ቤት መጣች። ከወደደችው ሥራ አገኘን፣ ካልወደደችው ደግሞ እህቴ ጫልቱ ሽመናውን ልትተው ነው። ያዘዘችን ቢጫ ስካርፍ ነበር። ጫልቱ ግን ትናንት የቧንቧ ውሃ ሲጠፋባት ማቅለሚያውን እርድ ሶዳ በበዛበት ፍልውሃ ቀቀለችውና ቢጫ ይሆናል ያልነው ቀልቶ ቁጭ አለ።

ሴትዮዋ አምቦ ውሃዋ ላይ ሎሚ ጨምቃ እየጠጣች ስካርፉን አገላብጣ አየችውና፣ "ወንድሜ፣ ይሄ የሱቅ ቀለም ነው። እርድ እንዲህ አይቀላም" አትለኝም? እኔን ታውቀኝ የለ፣ ደሜ ፈላ። "እትዬ፣ እርድ ነው አልኩ እኮ፣ እንኩ ያሽትቱት" ብዬ ስካርፉን ፊቷ ላይ ሳራግበው ብርጭቆዋን መታሁት። ሎሚ ያለበት ውሃ በሙሉ ጨርቁ ላይ ተረጨ። በቃ አለቀልን አልኩ። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጠብታው ያረፈበት ቦታ ሁሉ ዓይናችን እያየ ቢጫ ሆነ፤ ጥርት ያለ የእርድ ቢጫ፣ በቀዩ መሀል ፈንጠር ፈንጠር ብሎ። ለካ የሎሚው ጎምዛዛ የፍልውሃውን ሶዳ ሰብሮት ነው።

ሴትዮዋ ስካርፉን ከእጄ ነጠቀችኝ። ከዚያ "እንዳታጥቡት" አለች፤ "ሁሉንም ልክ እንደዚህ አድርጋችሁ ሥሩልኝ።" እኔ በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኛል፣ ጫልቱ ደግሞ ዞር ብላ ምን ትለኛለች፦ "በል ኦቦ ቁጡ፣ ለእያንዳንዱ ስካርፍ አንድ አንድ ጊዜ ትናደድልኛለህ።"