የጥቁሩ ሰባኪ ንግግር በፋብሪካው አዳራሽ

በእኛ ጊዜ ውይይት ማለት፣ ልጆቼ፣ አንድ ሰው ቆሞ የሚናገርበት፣ ሌላው ተቀምጦ የሚስማማበት፣ ከመግባታችሁ በፊት ምን ብላችሁ እንደምትወጡ የምታውቁበት ነገር ነው። ዘወትር ዓርብ ከሰዓት ነበር። መቅረት አይቻልም፤ መስማማትም ግዴታ ነው። እናንተ አሁን ውይይት የምትሉት ሌላ ነው፤ እኔ የምላችሁ ያኛውን ነው።

በደርግ ጊዜ ነው እንግዲህ፣ ባሕር ዳር አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኞችን ማንበብና መጻፍ አስተምር ነበር፣ እንግሊዝኛም አውቃለሁ። ታዲያ አንድ ቀን የፋብሪካው ካድሬ ጓድ ይርጋ ጠራኝና አንድ የተባዛ ወረቀት ሰጠኝ። ያ ጥቁር አሜሪካዊ ሰባኪ ስለ ሕልሙ የተናገረው፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ንግግር ነው። «ተርጉመህ ዓርብ ታነባለህ፤ ኢምፔሪያሊዝም በጭቁኖች ላይ የሚፈጽመውን ግፍ ሠራተኛው ይረዳ። ደግሞ እግዚአብሔር የሚለውን አውጣልኝ» አለኝ።

አወጣሁ። ምን ላድርግ፣ ከእኔ በፊት የነበረው መምህር በውይይት ላይ ያልተጻፈለትን አንድ ነገር ተናግሮ ከተወሰደ ወዲህ አልተመለሰም፣ ሚስቴ ደግሞ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች። እና እግዚአብሔርን አወጣሁ፣ መዝሙሩን አወጣሁ፣ ነቢያቱን አወጣሁ፣ አውጥቼ አውጥቼ አየሁትና ንጹሕ ሆነልኝ፤ ጓድ ይርጋም አይቶ ማኅተም መታበት። ንግግሩ እንዴት እንደተሠራ ግን ሁለታችንም አላየንም። ሰውየው አንድ ሐረግ ይይዝና እየደጋገመ ለልጆቹ መልካም ነገር ይመኛል፤ በቆዳቸው እንዳይናቁ፣ ከነጭ ልጅ ጋር እጅ ለእጅ እንዲያያዙ። ይመኛል፣ ትንፋሽ ይወስዳል። ይመኛል፣ ትንፋሽ ይወስዳል። እኔ ይህ የንግግር ጥበብ ነው ብዬ ትንፋሹን ሳይቀር በእርሳስ ምልክት አድርጌ ተለማመድሁት።

ዓርብ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል። ከፊት ወንበር አያ ደሴ ተቀምጠዋል፤ የሽመና መኪና የሚጠግኑ፣ የዘጌ ሰው፣ ሠርግ ቢሆን ዕርቅ ቢሆን የሚመርቁ ሽማግሌ ናቸው። የመጀመሪያውን ምኞት አነበብሁና ትንፋሽ ወሰድሁ። ጸጥ። ሁለተኛውን አነበብሁና ትንፋሽ ወሰድሁ። አያ ደሴ ጋቢያቸውን አስተካከሉና በቀስታ «አሜን» አሉ።

ሦስተኛውን ሳነብ የፈትል ክፍሉ ሠራተኛ በሙሉ «አሜን» አለ። ስሙኝማ፣ በእኛ አገር ምርቃት ያለ አሜን አይታለፍም፤ ነውር ነው፣ ምርቃቱም መሬት ይወድቃል። ሰው ለልጅ መልካም ተመኝቶ ዝም ካለ የሚጠብቀው አሜንን ነው፤ ተመኚው አሜሪካ ይኑር ጣና ላይ ደብረ ማርያም ይኑር ለሕዝቡ ልዩነት የለውም። ታዲያ ላቁም ብል ማኅተም ያለበትን ወረቀት አቋረጠ ይሉኛል፣ ልቀጥል ብል ይኸው። ቀጠልሁ። ትንፋሹን ዋጥ አድርጌ በጥድፊያ አነበብሁት፤ እነሱም በጥድፊያ «አሜን አሜን» እያሉ ተከተሉኝ።

አለቀ ስል አያ ደሴ ተነሡ። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ከተወሰዱ ዓመት አልፏል፤ ይህን የማያውቅ በአዳራሹ አልነበረም። እጃቸውን ዘረጉ።

«ሰውየው ለልጆቹ የተመኘውን ይስጠው» አሉ። «የእኛንም ልጆች፣ ካሉበት፣ በደህና ያምጣልን።»

ይህ ወረቀቱ ላይ የለም። ሰው ሁሉ ዓይኑን ከአያ ደሴ ወደ መድረኩ መለሰ። እና ከኋላዬ፣ ከመድረኩ ጠረጴዛ፣ አንድ ሰው ከሁሉ ቀድሞ፣ ከሁሉ ጮክ ብሎ «አሜን» አለ። ዞር ብል ጓድ ይርጋ ነው። እጁን አፉ ላይ ጭኖ፣ ዓይኑ ፈጦ ያየኛል፣ ያልሁት እኔ ይመስል።

ስብሰባው ሲበተን ቢሮው ጠራኝ። ተቀመጥ አላለኝም፣ ራሱም አልተቀመጠም።

«ማን ነው የጀመረው?»

«ምኑን፣ ጓድ?»

«አሜኑን።»

«የመጨረሻውን ነው?» አልሁት።

ከዚያ ቁጭ አለና ሪፖርቱን ጻፈ፣ እኔንም በምስክርነት አስፈረመኝ። «ሠራተኛው የንግግሩን መልእክት በሚገባ ተረድቷል» ይላል። እውነት ነው፣ ተረድቷል። አያ ደሴን ማንም አልነካቸውም፣ እኔም ሰኞ ሥራ ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ የምንወያየው ስለ ጥጥ ብቻ ሆነ።