«ማር» ስንለው «ለቅሶ» ያለን ኮምፒውተር

እኛ ሥራ ላይ ሳለን ኮምፒውተር ቦንጋ ውስጥ እንዲህ በየቤቱ አልነበረም፤ ትምህርት ቤታችን አንዲት ነበረችው፣ እሷንም በጨርቅ ሸፍነን ነው የምናኖራት። እና እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ጓደኛዬ አለሙ ደግሞ የካፋ ቋንቋ የሆነው የካፊኖኖ ቃል ለቃሚ፣ ዛሬ ደካ ነው፣ ነገ ቢታ ገነት ነው፣ ሽማግሌ ካገኘ አይለቅም። ታዲያ እሱ ያመጣል፣ እኔ በጻፍኩት ፕሮግራም አስገባለሁ፤ ቃሉን ስትጽፉላት ትርጉሙን በአማርኛ ታወጣለች። ሰማችሁ?

አለሙ አረፈ። እነዚያ ሽማግሌዎችም አለፉ፣ ወረቀቱንም ምስጥ በላው። ታዲያ በቅርቡ ማሽኗም ልትሞት ስትል፣ ሰላማዊት የምትባል ከጎንደር ተመድባ የመጣች የኮምፒውተር ባለሙያ ፋይሉን ገለበጠችልኝ፤ ፕሮግራሙንም ለአዲሱ ላፕቶፕ እንደገና ጻፈችው። እና ማርን በካፊኖኖ ጻፍኩለት። ምን ቢመልስ ጥሩ ነው? «ለቅሶ»። በሬን ጻፍኩ፣ «ወንፊት»። ዝናብን ጻፍኩ፣ «አማት»።

ፈራሁ። የተበላሸው ላፕቶፑ ነው ወይስ የእኔ ጭንቅላት? ቤት ገብቼ ባለቤቴን ማር በካፊኖኖ ምን ነበር ብላት፣ ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

በማግስቱ ሰላማዊት ጠራችኝና፣ «ጋሼ፣ አገኘሁት» አለችኝ፣ በዚያች ቀስ ባለች አነጋገሯ። «የድሮዋ ማሽን ሜሞሪ ክፍል ክፍል ነበር። የአንድ ቃል አድራሻ ሁለት ቁጥር ነው፤ የትኛው ክፍል፣ ከዚያ ክፍሉ ውስጥ የት ጋ። አዲሱ ግን ወጥ ሜዳ ነው፣ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቀው። እኔ ሁለቱን አጣብቄ እንደ አንድ አነበብኳቸው።»

«ታዲያ ክፍሎቹ የት ሄዱ?»

«አሁን የሉም።»

«ቃላቱስ?»

«አሉ።»

ቤቱ ፈርሶ ዕቃው እንዴት አለ? ግራ ገባኝ። የፊተኛውን ቁጥር በአሥራ ስድስት አባዝታ የኋለኛውን እንደምትደምር ነገረችኝ። ለምን አሥራ ስድስት ብላት፣ ክፍሎቹ በየአሥራ ስድስቱ ስለሚጀምሩ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደረበ ነው አለችኝ።

«እንዲያ ከሆነ አንድ ቦታ ሁለት አድራሻ ይኖረዋላ?»

«ከሁለትም በላይ።»

«ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት ጋሼ።»

እሷ አስተካክላ ስትጨርስ ዝናብን ደግሜ ጻፍኩ። «ዝናብ። ቦንጋ ላይ መቼ እንደሚያባራ አይጠየቅም» አለ። አያችሁ፣ እንዲህ ብሎ ትርጉም የሚጽፍ አለሙ ብቻ ነው። ሰላማዊት ሳቀች፣ እኔ ግን ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

— (ከአድማጮቹ አንዱ) ጋሼ፣ የአድራሻው ነገር ግን በመጨረሻ ገባዎት?

አልገባኝም። (ሳቅ) በሁለት ቁጥር ስጽፈው ጎረምሳ ነበርኩ፤ ያን ጊዜም ቢሆን ብዙ የገባኝ አይመስለኝም።