በቤቴ መቃን ላይ ያሉት አራት ቀዳዳዎች

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው እትዬ እታገኝ መዝገብ ቤታችን የመጡ ቀን አለቃችን ሊጨብጣቸው እጁን ዘረጋ። «መጀመሪያ ታጠብ» አሉት። ታጥቦ ተመለሰ። እጁን አገላብጠው አዩና «በሳሙና?» አሉት። እስቲ በእነዚህ ሃያ ሁለት ዓመታት ወደ መታጠቢያው ያልተመለሰ ካለ እጁን ያውጣ። አየሁ፤ ማንም የለም።

ሥራችንን ታውቁታላችሁ፦ ከመቶ ዓመት በፊት ኦክላንድ ውስጥ በኩፍኝ፣ በትክትክ፣ ጉሮሮ በሚዘጋው በዲፍቴሪያ የሞቱ ሕፃናትን መዝገብ ስካን ማድረግ ነው። እኔ በቀን ሁለት መቶ ገጽ እጨርሳለሁ። እትዬ አርባ። እያንዳንዱን ስም ድምፅ አውጥተው ሳያነቡ ገጽ አይገልጡማ! አንድ ቀን ተናድጄ «ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?» አልኳቸው።

«ቀስ በል ግርማቸው፤ የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ትደነግጣለች።»

እናንተ ትስቃላችሁ። እዚያ ምድር ቤት ከእሳቸው ጋር ብቻዬን የነበርኩት እኔ ነኝ።

አሁን የማያስቀውን ልናገር። ከአሥር ዓመት በፊት የልጄን የሄለናን ክትባት ዛሬ ነገ እያልኩ ዘልዬው ነበር። ዲፍቴሪያ የድሮ በሽታ ነው ባይ ነበርኩ፤ ያውም ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩ፣ ቀኑን ሙሉ ያንን መዝገብ የማገላብጥ ሰው! እትዬ በየሰኞው «አስከተብካት?» ይሉኛል። በአራተኛው ሰኞ ጮኽኩባቸው፦ «የቤቴን ነገር ለእኔ ይተዉት!»

 አንድ ገጽ አምጥተው ፊቴ አስቀመጡ።

አድራሻው ቴሜስካል ሰፈር ያለው ቤቴ ነው። ሦስት እህትማማቾች፣ ዲፍቴሪያ፣ በዘጠኝ ቀን ውስጥ። የጤና መርማሪው ዳር ላይ ጽፏል፦ «የተኙት በኋላው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር።» ሄለና የምትተኛው እዚያ ነው።

«መቼ አገኙት?»

«ቤቱን የገዛህ ሳምንት። እንዳትፈራ ብዬ ደበቅኩህ። አሁን ፍራ።»

ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ቆምኩ። በዚያ ዘመን በሽታ የገባበት ቤት በር ላይ ማስጠንቀቂያ ይቸነከር ነበር። መቃኑን በጣቴ ዳሰስኩት፤ ከቀለሙ ሥር አራት የምስማር ቀዳዳ። ከኋላው ክፍል ሳል ሰማሁ። የሄለና ጉንፋን ነበር። ግን እዚያ ደጅ ስንት ሰዓት ደርቄ እንደቀረሁ አላውቅም።

በማግስቱ አስከተብኳት።

እትዬ፣ ስለጮኽኩብዎ ይቅርታ ጠይቄዎ አላውቅም። አሥር ዓመት አዘገየሁት፤ ይቅር ይበሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

ብርጭቋችሁን አንሱ። ዕድሜ፣ ጤና፣ ያማረ የዕረፍት ዘመን ለእትዬ እታገኝ! ምርቃቱን የምትጨርሰው ግን ሄለና ናት፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አማርኛዋ ቢሰባበር እንዳትስቁባት። ነይ ልጄ፣ አጠገባቸው ቁሚ።