ደረቁ ክፍል

ከሥራ ስመለስ ዝናብ መንገድ ላይ ያዘኝና አንዲት ጎረቤታችን ደጃፍ ተጠለልኩ። ልብስ ሰፊ ናቸው። ሰፈርተኛው «እትዬ መርፌ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን ወደውታል። ሰው ቤት ዘው ማለት ስለማይሆንልኝ በሩ ላይ ቆሜ ስንጠባጠብ አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ በሬ ላይ ሐውልት ልትሆኚብኝ ነው? ግቢ እንጂ!»

ገባሁ። ክፍሉ ሞቅ ያለ ነው፤ ሁለት ሰፋፊ መስኮቶች አሉት፤ ወለሉ ጣውላ ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተወጠረ ገመድ ላይ ቀይ የከፋይ መጋረጃ ተሰቅሏል። ዳርዳሩ በወርቅ ክር ተጠልፏል፤ የታችኛው ዘርፍ ግን ገና ነው። እትዬ መርፌ እጃቸውን ጠርገው የመጋረጃውን ጀርባ በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ርጥበት እንዳይነካው ነው» አሉኝ። «ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የምዳስሰው እሱን ነው። ለቤተ ክርስቲያናችን ነው፤ ለክርስቶስ ቤት ይሄም ሲያንስ ነው።»

ከግድግዳው ወዲያ ረጅም ሳል ተሰማ። ሳሉ ሲያበቃ የሽማግሌ ድምፅ ተከተለ።

«እህቴ! መጋረጃው ጤናው እንዴት ነው? ብርድ አልመታውም?»

«ይተው እንጂ፣ ወንድም ጋሼ! እንግዳ አለ።»

ታላቅ ወንድማቸው ናቸው። በጉልበታቸው ዘመን አናጺ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑን አግዳሚ ወንበሮች የሠሩት እሳቸው ናቸው። ይህ ክፍል የእሳቸው ነበር። መጋረጃው ሲጀመር «ለጊዜው ነው» ተብሎ አልጋቸው ወደ ጓዳ ገባ። ከዚያ ክረምቱ መጣ፤ ሳሉም መጣ። ይህን ሁሉ እትዬ መርፌ ራሳቸው መርፌያቸውን ሳያቆሙ ነገሩኝ። እኔን የገረመኝ ሲነግሩኝ ድምፃቸው አለመለወጡ ነው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ብጠይቅዎ ቅር ይልዎታል?»

«የተማረ ሰው የሚያስፈራኝ ሲጠይቅ ሳይሆን ሲመልስ ነው። ጠይቂ።»

«መጋረጃው ጓዳ ገብቶ ቢሰፋስ?»

«ይሻግታላ! ግድግዳው እኮ ያልበዋል። የወርቁ ክር ይጠቁራል።»

«ሰውስ?»

«እኔ ከፋይ አይደለሁማ!» አሉ ሽማግሌው ከወዲያ። «አቡጀዲ ነኝ፤ ብርስም እደርቃለሁ።»

እትዬ መርፌ ግን አልሳቁም። ክራቸውን በጥርሳቸው በጠሱት።

«የኔ ልጅ፣ እናንተ የተማራችሁት ለእግዚአብሔር ቤት ሲሆን ሁሉም ይበዛባችኋል። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን በወርቅ ለበጠው እንጂ ጭቃ አልመረገውም። ያቺስ ሴት ውድ ሽቱዋን ስታፈስ ‹ምነው ለድሆች በተሰጠ› አላሏትም? ጌታ ግን ‹ተዉአት› አለ።»

ይህን ሙግት አልጠበቅሁትም። ደግሞ እውነት አለው፤ ቤቱ ውስጥ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣ ሰው በቤተ ክርስቲያን ውበት ሲጽናና አይቻለሁ። ይህንኑ ነገርኳቸው። ዝም ማለት እችል ነበር፤ የማወቅ ጉጉቴ ግን ከዓይን አፋርነቴ በረታ።

«ያቺ ሴት ሽቱውን ያፈሰሰችው ግድግዳ ላይ ነበር እንዴ፣ እትዬ?»

«ምን ማለትሽ ነው? በእሱ በራሱ ላይ ነዋ!»

«እሱ ዛሬ የት ነው ያለው?»

«በሰማይ፣ በአባቱ ቀኝ። ደግሞም...» መርፌውን ደረታቸው ላይ ሰኩት። «በሚያምኑት ልብ ውስጥ። ሰውነታችሁ ቤተ መቅደስ ነው ተብሎ የለ? ከልጅነቴ የማውቀው ነው።»

«ወንድም ጋሼስ ያምናሉ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! ከእኔ በላይ እንጂ። የእኔ ጸሎት ግማሹ ‹ክሬ አይበጠስ› ነው።»

ሳቁ። ሳቁ ፊታቸው ላይ እንዳለ ያ ሳል እንደገና መጣ፤ አሁንም ረጅም ነበር። እትዬ መርፌ ግድግዳውን አዩ፤ መጋረጃውን አዩ።

«እንግዲህ እኔ...» አሉ ቀስ ብለው፣ «መቅደሱን ጓዳ ጥዬ መጋረጃውን ነው የማሞቀው በይኛ።»

«የቤተ ክርስቲያኑ የእንግዳ አዳራሽ ደረቅ አይደል? ዓመቱን ሙሉ እንደተቆለፈ ነው። ስፌቱን እዚያ ቢጨርሱት?»

«ያላለቀ ሥራዬን ሰው እያየው? ክሩ ተንጠልጥሎ? በሕይወቴ አድርጌው አላውቅም፤ ባለሙያ እንዲህ አያደርግም!»

«አንቺ!» አሉ ሽማግሌው ከወዲያ። «እኔንስ እግዜር ሳላልቅ አይደል ለሰው የሚያሳየኝ?»

እትዬ መርፌ ተነሥተው ገመዱን ፈቱ። ከፋዩን ለሁለት ይዘን አጠፍነው፤ በላስቲክ ጠቀለልነው። ዝናቡ ሲያባራ ተሸክመን ወጣን። ጀምበር ሳትጠልቅ አልጋው ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሳሉ በአንድ ቀን አልለቀቀም። ሐኪም አየው፤ ፀሐይ አየው፤ እያደር ቀለለ። ሽማግሌው ትራስ ተደግፈው የመጋረጃውን መስቀያ እንጨት ልገው አለሰለሱ። አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ያላለቀውን ዘርፍ ያዩ ሴቶች መርፌ ይዘው አብረው ተቀመጡ፤ እትዬ መርፌ ብቻቸውን ቢሆኑ ክረምቱን ሙሉ የሚፈጅባቸው ሥራ ቶሎ አለቀ። መጋረጃው እዚያ አዳራሽ ለምን እንደተጠለለ የሰሙት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችም ተመካከሩ። ሊያዙት የነበረውን ባለወርቅ ቅብ መብራት አቆዩትና ጣሪያቸው የሚያፈስባቸውን አረጋውያን ቤት ማስጠገን ጀመሩ። ሀብትን ለእግዚአብሔር ቤት ማዋል መልካም ነው፤ ግን እሱ የሚያድርበት ቤት የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ከብዙ ጥፋት ያድናል። ይህ የተጠየቀበት ቤት ሁሉ ደግሞ፣ እንዳየሁት፣ ከውበቱ ምንም አልጎደለበትም።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በራቸው ክፍት ነበር። እትዬ መርፌ ገና መቀሳቸውን አላነሡም። መዳፋቸውን በወንድማቸው ብርድ ልብስ ላይ፣ ከዚያም በትራሱ ጀርባ ቀስ አድርገው ያሳልፋሉ።

«እንዴት አደሩ፣ ወንድም ጋሼ? ርጥበት አልነካዎትም?»

«አሁንማ ከፋይ ሆኛለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ዘርፌ ብቻ ነው የቀረው።»