የጉዞው ምክንያት

በአንድ የጠረፍ ከተማ፣ ድልድይ አፍ ላይ ባለ የኬላ ቢሮ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤ ቢሮውን ሃያ ሁለት ዓመት ያጸዱት እትዬ ጠጅቱ በመጨረሻው የሥራ ቀናቸው ጃንጥላና ፌስታል ይዘው፣ የቀን መሻገሪያ ፈቃድ ከሚጽፈው ከወጣቱ ንጋቱ ጠረጴዛ ፊት ቆመዋል።

ንጋቱ፦ እትዬ ጠጅቱ፣ በእናትዎ! «ወንዝ ለማየት» ብዬ አልጽፍም።

ጠጅቱ፦ ለምን? እጅህን ያምሃል?

ንጋቱ፦ ቅጹ ላይ የለማ! ንግድ፣ ሕክምና፣ ዘመድ ጥየቃ፣ ለቅሶ። ከአራቱ አንዱን ይምረጡና ማኅተሜን ላሳርፍ።

ጠጅቱ፦ አልነግድም፣ የሞተብኝም የለም። ተመስገን ነው።

ንጋቱ፦ ጉልበትዎን ያምዎት የለ? ሕክምና እንበለው።

ጠጅቱ፦ ጉልበቴን ለቅጽህ አላውስህም።

ንጋቱ፦ እሺ፣ ዘመድ ጥየቃ።

ጠጅቱ፦ ማዶ ዘመድ የለኝም።

ንጋቱ፦ ማን ያጣራል?

ጠጅቱ፦ እኔ አጣራለሁ። ደግሞስ እዚያ ያለው ወታደር «ዘመድሽ ማነው?» ቢለኝ ማንን ልጥራለት?

ንጋቱ፦ አንድ ስም እሰጥዎታለሁ።

ጠጅቱ፦ ጉድ እኮ ነው! በእርጅናዬ ዘመድ ልትቀጥርልኝ ነው።

ንጋቱ፦ አለቃ ሲመጣ መዝገቡን ገጽ በገጽ ያያል። ባለፈው ወር የፈረቃ ጓደኛዬን «ምክንያቱ ግልጽ አይደለም» ብሎ በሰው ፊት እንዴት እንዳዋረደው ያውቃሉ።

ጠጅቱ፦ እንዴት አላውቅ፣ እዚያው ነበርኩ። ወለል ስጠርግ ማን ድምፁን ቀንሶ ያውቃል?

ንጋቱ፦ እና አያዝኑልኝም?

ጠጅቱ፦ አዝንልሃለሁ። አንተ ስለፈራህ ግን እኔ አልዋሽም።

ንጋቱ፦ ቆይ፣ ወንዙ ከቢሮው ጀርባ ይፈስ የለም እንዴ? መሻገር ምን አስፈለገዎት?

ጠጅቱ፦ ከቢሮው ጀርባ ያለው ሽንት ቤታችንና የጭነት መኪና ጎማ ነው። ውሃው በቅጡ ሳላየው ኮረብታውን ታጥፎ ይሄዳል።

ንጋቱ፦ ስልኬ ላይ አለልዎት፣ ይኸው። ከኮረብታው ወዲያ፣ በማዶ በኩል እንዲህ ተንጣሎ ነው የሚተኛው። ድንጋዮቹን አዩ? ይቺ ደግሞ የጉማሬ ጆሮ ናት።

ጠጅቱ፦ መልሰህ ኪስህ ክተተው። ስልክህ እግሬን አያርሰውም።

ንጋቱ፦ ውሃው ውስጥ ሊገቡ ነው እንዴ?

ጠጅቱ፦ እስከ ቁርጭምጭሚቴ። ምነው፣ ለእሱም ቅጽ አለ?

ንጋቱ፦ በዚህ ዕድሜዎ፣ ብቻዎን… ሰው ምን ይላል እትዬ?

ጠጅቱ፦ ያሻውን ይበል! ስማ ንጋቱ። የተሻገረው ሁሉ ሲመለስ በጫማው አሸዋ ይዞ ይገባል። ቀይ፣ ደቃቅ አሸዋ፤ በእኛ ወገን የለም። ያንን ወንዝ ሃያ ሁለት ዓመት ያወቅሁት በመጥረጊያ ነው። አንዷ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ አርሳ፣ እየሳቀች ትገባለች፤ እኔ ጎንበስ ብዬ ከኋላዋ እጠርጋለሁ። ቅናት ያቃጥለኝ ነበር። ይኸው፣ ነገርኩህ።

ንጋቱ፦ ታዲያ እስከዛሬ ምን ያዘዎት? የድልድዩ በር ቁልፍ ወገብዎ ላይ ነው። እኛ ሳንገባ ማለዳ የሚከፍቱት እርስዎ፣ የሚዘጉትም እርስዎ። ብቅ ብለው ቢመለሱ ማን ያይዎታል?

ጠጅቱ፦ እሱን ነው የማልፈልገው! ምን ሰርቄ ነው የምደበቀው? እንደ ሰው በጠራራ ፀሐይ፣ ስሜ ተጽፎ፣ ምክንያቴ ተጽፎ ነው የምሻገረው። ነገ ቁልፉም ሥራውም የሌላ ሰው ነው። ከነገ ወዲያ ደግሞ ልጄ መጥታ ወደ ደጋ ትወስደኛለች። ዛሬ ካልሆነ ቀረ።

ንጋቱ፦ አለቃን ልጠብቅና ላስፈቅድልዎ?

ጠጅቱ፦ አለቃህ የሚመጣው በአስራ አንድ፣ በሩ የሚዘጋው በአስራ ሁለት። ለአንድ ሰዓት ብዬ ሃያ ሁለት ዓመት አልጠበቅሁም። ለመሆኑ አዲስ የመጣህ ሰሞን ማኅተሙን ገልብጠህ ስትመታ ማነው ያቃናልህ?

ንጋቱ፦ እርስዎ።

ጠጅቱ፦ ማዶ ሠርግ ሄደህ በሩ ከተዘጋ በኋላ ስትመጣስ፣ ቆሞ የጠበቀህ ማነው?

ንጋቱ፦ እርስዎ ነዎት… ዝናብም ነበር።

ጠጅቱ፦ ዝናቡን አንተ ነህ ያነሳኸው፣ ከእኔ አፍ አልወጣም።

ንጋቱ፦ እሺ በቃ! «ወንዝ… ለማየት።» ይኸው ሰፈረ፣ ማኅተሙም አረፈ። አለቃ ቢቆጣ ምን እለዋለሁ?

ጠጅቱ፦ የተጻፈውን አንብብለት። እውነት ነው፣ አይጠፋህም።

ንጋቱ፦ የያዙት ዕቃ?

ጠጅቱ፦ ዳቦ ቆሎና ጃንጥላ።

ንጋቱ፦ የመመለሻ ሰዓት?

ጠጅቱ፦ ስጠግብ።

ንጋቱ፦ እትዬ! በሩ እኮ በአስራ ሁለት ይዘጋል!

ጠጅቱ፦ የሚዘጋው ማን ሆነና? እንካ፣ ቁልፉን ተረከበኝ። ስንቱን እዚህ ደጅ ቆሜ ጠብቄያለሁ፤ ዛሬ ደግሞ አንተ እኔን ትጠብቃለህ።